ቅቤ ያልነካው ፀጉር

በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሶዶ ላይ የማይጠፋ ነገር የለም። በሬ ይጠፋል። ቅቤ ይጠፋል። «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብሎ የወጣ ባል ይጠፋል። ቆሻሻ ተሰረቀብኝ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የመጣ ሰው ግን እስከዚያች ቅዳሜ ጠዋት ድረስ አልታየም።

«ምን ተሰረቀብኝ ነው ያልሽው?» አለ ኮንስታብል ቶማ።

«ቆሻሻ» አለች ኤደን። «ያገለገሉ መርፌዎች። በቢጫ ካርቶን።»

ቶማ ሳቁን ሊውጥ ቢሞክርም አልሆነለትም። «እህቴ፣ ሌባውን ስንይዘው እናስረው ወይስ እናመስግነው?»

ከኋላው የተቀመጠችው ምክትል ኢንስፔክተር አስናቀች ግን የኤደንን እጆች ነበር የምታየው። የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ይጠመዝዛሉ። ኤደን በትንሽ በትልቁ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። እሷ ነርስነት ተምራ አምና መናኸሪያው አጠገብ የቆዳ ክሊኒክ ከፈተች። ደንበኛ በዋጋ ሲጨቃጨቃት እንኳን ድምፅዋ ከፍ አይልም።

«ነይ፣ ውጪ እንነጋገር» አለቻት አስናቀች።

ጥላ ሥር ሲደርሱ ኤደን ወሬውን በአንድ ትንፋሽ አራገፈችው። «ትናንት ወደ ማታ የመጨረሻዋን ደንበኛ ፊት ሠራሁ። ዛሬ በማለዳ ደወለችልኝ። ለጉዞ ደም ተመርምራ ውጤቱ ደርሷታል፤ ‹ቢ› የሚሉት የጉበት ቫይረስ አለባት። እሷም አላወቀችም ነበር፣ ምስኪን፣ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። የተወጋችበት መርፌ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት መኪና መጥቶ እንዲቃጠል ሊወስደው ነበር።»

«ሌላስ ምን ተወሰደ?»

«ምንም። የገንዘብ መሳቢያው አልተነካም። ማሽኑም አለ።»

አስናቀች ቆቧን አውልቃ አሰበች። ገንዘብ ትቶ ቆሻሻ የወሰደ ሌባ፣ ቆሻሻው ለእሱ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ያንን መርፌ ሌላ ሰው ላይ ሊሰካው ነው። ምናልባትም ዛሬውኑ።

«ይህን የቫይረስ ነገር ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«አትንገሪ። ሌባው ከሰማ ካርቶኑን ወንዝ ይከተዋል። ማንን እንደወጋበት ሳናውቅ እንቀራለን።»

ይህን ስታዝዝ ብልህነት መስሏት ነበር።

ቆቧን መልሳ ስትደፋ የቀለጠ ቅቤ በግንባሯ ላይ ወረደ። የእናቷ ሥራ ነው። «በጊፋታ ደረቅ ራስ ይዞ የሚውል የዚህ ቤት ልጅ የለም!» ብለው ነበር ጠዋት፣ ቅቤውን በመዳፋቸው እያሹ። አስናቀች ስለ ደንብ ልብሷ ብትከራከርም ተሸነፈች። ታናሽ እህቷ ሜላት ግን እንሰቱ ውስጥ ገብታ አመለጠች። «ዘንድሮ ሽታው አልተስማማኝም፣ እማዬ!»

እናትየው ክው ብለው የልጃቸውን ሆድ አዩ። ሜላት በጥቅምት ሙሽራ ናት። «ገና ሳታገቢ ነው የሚሸትሽ?» አሉ። ጎረቤት ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አስናቀችም ስቃ ወደ ሥራዋ ወጣች።

ሜላት ጉንጯ ላይ የብጉር ጠባሳ አለባት። ከሁለት ወር በፊት ኤደን ክሊኒክ እንድትወስዳት አስናቀችን ለምናት ነበር። ማይክሮኒድሊንግ ይሉታል። እስክሪብቶ በሚመስል ማሽን ጫፍ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ መርፌዎች አሉ፤ ፊትን እየጠቀጠቁ ቆዳው ራሱን እንዲያድስ ያደርጉታል። ለአንድ ጊዜ አምስት ሺህ ብር ነው፤ ለውጥ ለማየት ደግሞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። «በዚህ ገንዘብ እኮ በሬ ይገዛል!» ብላ ጮኸችባት አስናቀች። «ጠባሳሽን ያልወደደ ባል ይቅርብሽ!» ሜላት ከዚያ ወዲያ አንስታው አታውቅም። አስናቀችም ዝም ያለች ልጅ የተስማማች መሰላት።

ከጣቢያው ከቶማ ጋር አብረው የሄዱበት ክሊኒክ ሦስት ክፍል ነው። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱም ደህና ነው። ኤደን ከመደርደሪያ ላይ ጥፍር የምታህል የታሸገች ነገር አንስታ ለአስናቀች አቀበለቻት።

«ይቺ የማሽኑ ጫፍ ናት። መርፌዎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። አንዷ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ፤ ከዚያ ካርቶን ውስጥ ትጣላለች። ማሽኑን አንዴ ከገዛሽው ገዛሽው ነው። ሰዉ ‹ለመርፌ ጠቅ ጠቅ አምስት ሺህ!› ይለኛል። እኔ የማስከፍለው ስለምጥላት ነው።»

አስናቀች በልቧ ‹እኔም ብያለሁ› አለች።

ደንበኛ ተቀባይዋ ማኅሌት ከጠረጴዛዋ ኋላ ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ ተቀምጣለች። ሻሿንም ቅንድቧ ድረስ ዝቅ አድርጋዋለች። «ጉንፋን ይዞኛል፣ ኢንስፔክተር፣ አይቅረቡኝ» አለች ጥርት ባለ ድምፅ።

«ትናንት ማን ዘጋ?»

«ደገፉ ነዋ፣ ጥበቃው። እኔ ስወጣ በሩ ላይ ነበር። ደህና እደር ብዬው ሄድኩ።»

«ምን ይዘሽ ወጣሽ?»

«ቦርሳዬን።»

«የምትጠረጥሪው ሰው አለ?»

ማኅሌት ወደ መስኮቱ አየት አደረገች። «የሰው ስም ማንሳት ደስ አይለኝም። ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ጸሐዬ ግን ‹ፊት በቅናሽ› የሚል ለጥፋለች። መርፌውን ከየት አምጥታ ነው በቅናሽ?»

ጥበቃው ደገፉ ከበሩ ውጪ ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል። አማርኛው ወላይትኛ ይጫነዋል፤ አልፎ አልፎ ሴቷንም «እሱ» ይላል። ጫማው ላይ እበት ደርቆበታል፤ በጊፋታ ሰሞን የማን ጫማ ነው ንጹሕ?

«ጋሼ ደገፉ፣ ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ነበርኩ። የት ልሄድ?»

«ማኅሌት ስትወጣ አይተዋታል?»

«አየሁ። ደህና እደር ብሎኝ ወጣ።»

«ምን ይዛ ነበር?»

«ቦርሳ ብቻ።»

ሁለት ሰው አንድ ቃል ሲናገር ፖሊስ ደስ ይለዋል። አስናቀችም ደስ አላት። ማስታወሻዋን ዘግታ ወደ ፀጉር ቤቱ ተሻገረች።

ጸሐዬ በቅቤ የሚያብረቀርቅ ራሷን ይዛ የአንዲት ሴት ሹሩባ እየፈታች ነበር። ቶማ መደርደሪያውን መበርበር ሲጀምር ሚዶዋን ወረወረችበት።

«የምን መርፌ? የእኔ ፊት በቅናሽ ማርና እርጎ ነው! ከዚያ በእንፋሎት ማጠን! ማን ነው የላካችሁ? ያቺ ባለጭምብሏ ናት አይደል?»

«ተረጋጊ፣ ጸሐዬ።»

«አልረጋጋም! ደግሞስ በጊፋታ ሳምንት ፊቷን የምትወጋ ሴት የት አለች? እኔ ለእንፋሎት እንኳን ራሷን የተቀባች ሴት አልቀበልም፤ ቅቤው ቀልጦ ፊቷን ያለብሰዋል። በተወጋ ፊት ላይ ቅቤ? በየቀዳዳው ይገባ የለ እንዴ!»

አስናቀች ባለችበት ቀረች። ግንባሯን በእጇ ጠረገችና ጣቶቿን አየች። ያብረቀርቃሉ።

መንገዱን በሩጫ ተሻግራ ክሊኒኩ ውስጥ ገባች። «ኤደን! የተወጋ ሰው ቅቤ ይቀባል?»

«ኧረ በፍጹም! ከመወጋቷ በፊትም ከተወጋች በኋላም ለቀናት ፀጉሯን ቅቤ አይነካውም። መጀመሪያ የምንነግራቸው እሱን ነው።»

ማኅሌት ከጠረጴዛዋ ቀና አለችና መልሳ አቀረቀረች። አስናቀች ግን ቀድማ ወጥታለች፤ ደስ ብሏታል። ሌባውን ባታውቀውም የሌባውን ደንበኞች ታገኛቸዋለች። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው።

«ቶማ፣ ዛሬ ሶዶ ውስጥ ራሷን ቅቤ ያልተቀባች ስንት ሴት ታገኛለህ?»

ቶማ ነገሩ ገባው። «ገበያ!» አለ።

ቅቤ ተራ እግር መጣያ የለውም። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ ተደርድሯል፤ ሽታው ያፍናል፤ ሻጭ ይምላል፤ ገዢ በጣቱ እየነካ ይቀምሳል። ከዚያ ሁሉ ሴት ራስ ላይ ጸሐይ ታብለጨልጫለች። አስናቀች ከመስመር መስመር እየዘለለች ራስ ራሱን ታያለች። ያብረቀርቃል። ያብረቀርቃል። አሮጊት፤ ያብረቀርቃል። ልጅ ያዘለች፤ ያብረቀርቃል።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለቻት ከቦምቤ የመጣች፣ አማርኛዋ እንደ ደገፉ የሆነ ቅቤ ሻጭ።

«ራሷን ያልተቀባች ሴት።»

«እሱማ እዚያ አለ!» ሻጯ በአገጯ አመለከተች። «ሦስት ጥቅል ከእኔ ገዛ። ‹ትንሽ ራስህ ላይ ላድርግልህ፣ ለበረከት› ብለው ሸሸ! ሴት ልጅ ነው እኮ!»

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ወደ መውጫው ትጣደፋለች። አስናቀች ደረሰችባት። መምህርት ብሩክታይት ናት፤ ከአስናቀች ቤት ሁለት አጥር አልፋ የምትኖር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ።

«ሳሮ፣ ደህና ነሽ፣ ብሩክታይት! ምነው ለራስሽ አልተቀባሽም?»

«ለአማቴ ነው የገዛሁት... ራሴን ያመኛል።»

«ነጠላውን ዝቅ አድርጊልኝ።»

ብሩክታይት ዙሪያዋን አይታ ዝቅ አደረገችው። ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ ጥቃቅን ቅርፊት ነጠብጥቦባቸዋል።

«ማን ወጋሽ?»

«እከሰሳለሁ?»

«አንቺን ማን ይከሳል? ሌላ ሰው ከመወጋቱ በፊት ንገሪኝ!»

ብሩክታይት እንባዋ መጣ። «ኤደን ጋ ሄጄ ነበር። ዋጋውን ስሰማ ተመለስኩ። በማግስቱ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ያው ሥራ፣ በአንድ ሺህ ብር፣ ኦቶና ሰፈር ባለ አንድ ቤት ውስጥ። ረቡዕ ሄድኩ። ሲስተር ነኝ አለችኝ። ፊቷን በጭምብል ሸፍና ነው የምትሠራው።»

«መርፌውስ?»

«አዲስ ነው ብላኛለች። ግን... ምድጃ ላይ በድስት ውሃ ይፈላ ነበር።»

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አስናቀች አፏ ላይ የመጣውን መለሰችው፤ ተረት የሚተረትበት ሰዓት አልነበረም።

«ዛሬም ትሠራለች?»

«አዎ። ለእኔም ግንባሬ ቀርቶኝ ነበር፤ ግን ለአንዲት ሙሽራ ተራዬን ለቀቅኩላት። ‹ሠርግ ደርሶባታል፣ እባክሽ› አለችኝ ሲስተሯ። ዛሬ ከሰዓት ላይ ነው።»

ሙሽራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዓይንም እንደዚያው ነው። አስናቀች ከተማውን ሙሉ ደረቅ ራስ ስትፈልግ ዋለች። የመጀመሪያውን ደረቅ ራስ ግን ያየችው ገና በጠዋት፣ በገዛ ጓሮዋ፣ እንሰቱ ውስጥ ነበር። ስቃ ወጣች እንጂ!

ሜላት ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። እናቷ ጋ ደወለች።

«ሜላት የት አለች?»

«ጓደኛዬ ጋ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። ምነው ድምፅሽ...»

«ባጃጅ!» ብላ ጮኸች አስናቀች፣ ገበያው ሁሉ እስኪዞር ድረስ።

ባለባጃጁ እሷን፣ ቶማንና ብሩክታይትን ጭኖ ከነፈ። የኦቶናን መንገድ እንደያዙ ግን ቆመ። ከፊታቸው በሬ ነው። የጊፋታ በሬ። ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው የገዙትን እየነዱ፣ እየዘፈኑ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል።

«አሳልፉን! ፖሊስ ነው!»

«ዮዮ ጊፋታ!» ብለው በበዓሉ ሰላምታ መለሱ ነጂዎቹ በደስታ፣ ምንም ሳይቸኩሉ።

አስናቀች ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። እንግዲህ ታስብ። ዋጋ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ካርድ አያወጣም። ስሙ የትም አይጻፍም። ኤደን እንኳን ከውስጥ ክፍሏ ስለማትወጣ አታየውም። ታዲያ ተመልሰው ለሄዱት ማን ደወለላቸው?

«ብሩክታይት፣ ስልክሽን ክሊኒኩ ውስጥ ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም... አይ፣ በሩ ላይ ላለችው ልጅ። ቅናሽ ሲኖር እንደውላለን ብላ...» ብሩክታይት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ማኅሌት! ግን እንዴት? ደገፉ በሩ ላይ ነበር። ቦርሳ ብቻ ይዛ ስትወጣ አይቷታል። ካርቶኑ ቦርሳ ውስጥ አይገባም።

አንዱ በሬ ባጃጇን ታክኮ አለፈና መንገዱ ላይ እበቱን ጣለ። ከኋላው የሚነዳው ሰውዬ ረገጠው። አስናቀች የሰውዬውን ጫማ አየች። ስልኳን አወጣች።

«ጋሼ ደገፉ፣ በሬው ሰባ?»

ደገፉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ነገረሽ?»

«ጫማዎ። ትናንት ማታ የት ነበሩ? እውነቱን!»

«ልጄ... ቡድናችን በሬ ሊያይ ዲምቱ መንገድ ሄደ። እኔ ካልሄድኩ ከሲታ ይገዛሉ። ቶሎ ወጣሁ። ማኅሌት ‹አንተ ሂድ፣ እኔ እዘጋለሁ፤ ከጠየቁህ ደህና እደር ብላኝ ወጣች በል› አለኝ። ለእኔ አዝኖ መሰለኝ። ኤደን እንዳያባርረኝ ፈራሁ።»

ሁለት ውሸት እርስ በርሱ ተደጋግፎ ኖሯል። ደገፉ በሬውን ሲደብቅ እሷ ካርቶኑን ደበቀች። እሷን ያመሰገናት ደግሞ እሱ ነበር።

«ውረዱ!» አለች አስናቀች። «በእግር!»

በበሬዎቹ መሃል ሾልከው ሮጡ። ቆቧ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ቅቤው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላታል። ብሩክታይት እያለከለከች አንድ ሰማያዊ በር አሳየቻት። አስናቀች በትከሻዋ ገፋችው።

መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ ነው። ዝዝዝ የሚል፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ከዚያ የሚንተከተክ ድስት አየች። ከዚያ ቢጫውን ካርቶን፣ አፉ ተቀዶ። ከዚያ ሜላትን። ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ማደንዘዣ ቅባቱ ፊቷን ነጭ አድርጎታል፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ባለጭምብሏ ማሽኑን ጉንጯ ላይ ልታሳርፍ ጎንበስ ብላለች።

«አቁሚ!»

ማሽኑ ከማኅሌት እጅ አመለጠና ወለሉ ላይ እየተንዘረዘረ ዞረ። ቶማ በጫማው ረግጦ ያዘው።

ሜላት ተፈናጥራ ተቀመጠች። «ሚቼ? ምን አድርጌ ነው ፖሊስ ይዘሽ የመጣሽብኝ?» እህቷን ሁልጊዜ በወላይትኛ ነው የምትጠራት።

«ወግታሻለች?»

«አሁን ልትጀምር ነበር...»

«ወግታሻለች ወይ!»

«አልወጋችኝም!»

አስናቀች የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ቅባቱን በካኪዋ እጅጌ ጠረገችው። ቀዳዳ የለም። ቅላት የለም። ያው የድሮው ጠባሳ ብቻ። በሕይወቷ እንደዚያ ጠባሳ ደስ ያላት ነገር የለም። እንባዋን ሳታብስ ወደ ማኅሌት ዞረች።

«ስንት ጊዜሽ ነው?»

ማኅሌት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። መሸሹን አልሞከረችም። «ከነሐሴ ጀምሮ። መጀመሪያ ከካርቶኑ አንድ ሁለት ብቻ ነበር የማወጣው። ለጊፋታ ብዙ ሰው ለመነኝ። ካርቶኑ ደግሞ ሊቃጠል ሆነ። ስለዚህ ሙሉውን ወሰድኩት።»

«ማሽኑስ?»

«ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። የእሱ ዋጋ ይቻላል። የማይቻለው ጫፉ ነው።» ድምፅዋ ድንገት ከፍ አለ። «ዋጋውን የምነግራቸው እኔ ነኝ እኮ! ኤደን ውስጥ ናት፣ አታይም። እንደዚች እንደ ሜላት ያለች ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፈርታ፣ ተስፋ አድርጋ ትገባለች። አምስት ሺህ እላታለሁ። ፊቷ ሲጨልም አያለሁ። ‹ተመልሼ እመጣለሁ› ትለኛለች፤ እንደማትመጣም አውቃለሁ። በየቀኑ! ታዲያ እዚያው አጠገቤ የሚጣል መርፌ አለ። ሦስት ጊዜ አፈላዋለሁ። በደንብ!»

«ሺህ ብሩንስ ለድስቱ ነበር የምትሰጪው?»

ማኅሌት አቀረቀረች። «አይደለም። ገንዘቡንም ወደድኩት።»

«የትናንቶቹን መርፌዎች ተጠቅመሽባቸዋል? ማን ላይ?»

«ለምን ይጠይቁኛል?»

«መልሺልኝ!»

«ለምን?»

አስናቀች ጠዋት የደበቀችውን ቃል አሁን አወጣችው። «የትናንትናዋ የመጨረሻ ደንበኛ ደሟ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ። በአንዱ ጫፍ የተወጋችው እሷ ናት። የቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ሜላት ከፍራሹ ተነስታ ከድስቱ ራቀች።

ማኅሌት እጇን አነሳች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋች፤ ጭምብሏን አወረደች። ፊቷ ከግንባሯ እስከ አገጯ በቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ከነጠብጣቡ ሥር የቆየ፣ ጥልቅ የብጉር ጠባሳ አለ፤ ከሜላት ይብሳል።

«ትናንት ማታ» አለች። «ሌላ ሰው ላይ አይደለም። መጀመሪያ ለራሴ ነው ያደረግኩት። ከላይ ያለውን አነሳሁ... አዲስ ይመስል ነበር።» ጉንጯን ነካ አደረገችና እጇን ወዲያው መለሰች። «አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ተቀምጬ የሰው ፊት ሲስተካከል አየሁ። የእኔ ተራ መቼ ነው?»

ከላይ ያለው መጨረሻ የገባው ነው። አስናቀች ይህን ለመናገር ቃል አላስፈለጋትም፤ ማኅሌት ራሷ ደርሳበት የተቀደደውን ካርቶን በእግሯ ገፋችው። ዛሬ ጠዋት አስናቀች ጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆማ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ኖሮ ይቺ ልጅ ግማሽ ቀን ቀድማ ሐኪም ቤት ትደርስ ነበር። ሜላትም እዚህ ፍራሽ ላይ ባልተኛች።

«ካቴናውን ላምጣ?» አለ ቶማ።

«ስልኳን ያዝና ለወጋቻቸው ሁሉ ደውል። አንድም ሳይቀር ዛሬውኑ ይመርመሩ። እሷን እኔ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። ይሄኛው ክትባት አለው፤ ግን ሳይውል ሳያድር ነው። ካቴናው አያመልጠንም።»

አስናቀች ደውላላት ኖሮ፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ኤደን ቀድማ ደርሳ ጠበቀቻቸው። ማኅሌትን ስታያት በጥፊ የምትመታት መስሎ ነበር። ፊቷን ብቻ አየችው።

«ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች። «ለአንቺ አንድ ጫፍ አጣ ነበር?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለች ማኅሌት።

ኤደን የሐኪም ቤቱን በር ከፈተችላት።

ክትባት ክፍሉ ውስጥ ባለሙያዋ መርፌውን ከእሽጉ አወጣች። አዲስ ነው፤ ወረቀቱ ሲቀደድ ድምፅ አለው። ማኅሌት እጅጌዋን ሰብስባ መርፌውን አየችና በድንገት ክንዷን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ይሄ ስንት ነው?» አለች በሹክሹክታ።

በአንድ ዓመት ውስጥ በየቀኑ ስትመልሰው የኖረችው ጥያቄ ነው። አሁን ስትጠይቀው የዚያ ሁሉ ሴት ፊት በፊቷ ላይ ነበር። ኤደን ከበሩ ሥር ቦርሳዋን ከፈተች። አስናቀች ግን የማኅሌትን ክንድ ያዘችና ቀስ ብላ ዘረጋችው።

«ዛሬስ ዋጋ አትጠይቂ» አለቻት። «ክንድሽን ብቻ ስጪ።»

በጊፋታ ጠዋት አስናቀች ጣቢያ ከመሄዷ በፊት ቤቷ ጎራ አለች። ሌሊቱን በየሰፈሩ ተደውሎ ነጠላቸውን የተከናነቡ ሴቶች አንድ በአንድ ለምርመራ መጥተዋል። ብሩክታይት የሚያፍሩትን እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ማኅሌት ጣቢያ ናት፤ የሚቀጥለው ክትባቷ ቀን ተቆርጦለታል፤ ፍርድ ቤቱም እንደዚያው። ለማኅሌት የሚወሰደው የበዓሉ ምግብ፣ ሙቹዋ፣ በሳህን ተሸፍኖ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ያስቀመጠችው ሜላት ናት።

ሜላት ራሷ ግን ጓሮ ውስጥ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ከኋላዋ ቆመው እጃቸው እስከ አንጓው ቅቤ ሆኗል። ስለ ኦቶናው ቤት የሰሙት ሌሊት ነው፤ ቆጥተው ጨርሰዋል፤ አሁን ልጃቸውን ከሌላው ጊዜ አብዝተው ነው የሚቀቡት። ቅቤው በግንባሯ፣ በጉንጮቿ፣ በጠባሳዎቿ ላይ ይወርዳል። አልጠረገችውም።

አስናቀች አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ያን ቀን ስለ በሬ የተናገርኩት...»

«ተይው፣ ሚቼ።» ሜላት ፊቷን ወደ ጸሐይ ቀና አደረገች። «እውነቱን ንገሪኝ። ጠባሳዬ አሁንም ይታያል?»

የአስናቀች ልብ ሊዋሽላት ፈለገ። «ይታያል» አለች።

«ይታይ» አለች ሜላት፤ ከዚያም ከእናቷ መዳፍ አንድ እፍኝ ቅቤ ዘርፋ ቆብ በሌለው የእህቷ ራስ ላይ ለጠፈችው።